ጅማ በማን ክረምት ነው የምትገነባው?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። በጀቱ ወደ መሥሪያ ቤቶች እስኪወርድ ሐምሌ ያልቃል፤ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ነሐሴ ያልፋል፤ መስከረም በበዓል ይያዛል። ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ቀርቦበት፣ ቅሬታው ታይቶ ውል ሲፈረም ታኅሣሥ ሆኗል። ተቋራጩ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ፣ ማሽን አጓጉዞ ቁፋሮ የሚጀምረው ሲቀናው በጥር፣ ካልቀናው በየካቲት ነው። መቀሌ ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ እስከ ሰኔ ድረስ የሚሠራበት ጊዜ ከፊቱ አለ። ጅማ ላይ ግን የካቲት ሲወጣ በጋውም አብሮ ይወጣል። መሬቱ የሚቆፈረው ልክ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የጅማ ሰው ያውቀዋል። በመጋቢት የተከፈተ ቦይ በሚያዝያ ኩሬ ይሆናል። በግንቦት ጭቃ ላይ የተጠቀጠቀ መንገድ ዓመት ሳይሞላው ይሰምጣል። በአፈጻጸም ሪፖርቱ ላይም «በዝናብ ምክንያት» የምትል ሐረግ ትገባለች። ጅማ ላይ ዝናብን እንደ ድንገተኛ ክስተት መመዝገብ ጅግጅጋ ላይ ፀሐይን እንደ ድንገተኛ ክስተት ከመመዝገብ በምን ይለያል?

በጀቱ አንድ ምሳሌ ነው። የቤት ፕላኑም፣ የመንገድ ዲዛይኑም፣ የፍሳሽ መውረጃው ስፋትም ብዙ ጊዜ የሚመጡት ዝናብ ሦስት ወር ከሚቆይበት አገር ነው። ጅማ የራሷ ክረምት እያላት በሌላ ከተማ ክረምት ትገነባለች። የከተማዋ የመሠረተ ልማት ችግር ሲነገር ብዙ ጊዜ የገንዘብና የጥራት ጉዳይ ይነሳል፤ ልክም ነው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት የሚመጣ የአየር ጠባይ ጉዳይ አለ ባይ ነኝ።

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባም ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፤ በመጠን ሲታይ ሰማይና ምድር አይደሉም። ሆኖም የአዲስ አበባው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል። የጅማው ከመጋቢት ተነስቶ በልግና ክረምት ሳይለያዩ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ምክንያቱ አቀማመጧ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ የኢትዮጵያን ደጋ ሲወጣ ቀድሞ የሚያገኘው ደቡብ ምዕራቡን ነው። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ በዚህ ያልፋል፤ ወደ ደቡብ ሲመለስም በዚሁ ይሰናበታል። ስለዚህ ዝናቡ እዚህ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። የቀረው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ እሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ያካፋበታል።

ድሬዳዋን ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከላይኛው ደጋ የዘነበ ውሃ ደረቁን የአሸዋ ወንዝ ሞልቶ በሌሊት የደረሰ ነበር። እዚያ የሚያስፈልገው ግድብ፣ መከላከያ ግንብና የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነው። የጅማ ውሃ ሰዓት ቆጥሮ አይመጣም። ይቆያል። ከእንጨቱ፣ ከግድግዳው፣ ከአስፋልቱ ሥር፣ ከመሠረቱ ጎን ስምንት ወር ይቀመጣል። ቤትን በአንድ ሌሊት የሚወስድ ጎርፍ ዜና ይሆናል፤ ቤትን በአሥር ዓመት የሚበላ እርጥበት ግን ማንም አይቆጥረውም።

ከአፈሩ እንጀምር። ጅሬን ተራራ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ጅማ ሁለት አገር ናት። ተዳፋቱ ላይ ያለው ጥልቅ ቀይ አፈር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ቡና ይወዳል፣ ቤትም ይሸከማል። ሜዳው ላይ፣ ወደ ቂጦና ወደ ቦዬ ረግረግ ሲወረድ ያለው ደግሞ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ያብጣል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሚያብጠው በኃይል ነው፣ ያውም ወደ ላይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው ተገላቢጦሽ ነው፤ «የኔ ቤት ቀላል ናት፣ ምድር ቤት ብቻ ናት፣ ምን ትሆናለች?» ይላል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ቀላሉ ቤት ነው። አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ ክብደቱ የአፈሩን ግፊት ወደ ታች ይጫነዋል። አንድ ክፍል ብሎኬት ቤትና አጥር ግን ከነመሠረቱ ይነሳል፣ በበጋ ተመልሶ ይወርዳል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ የዚህ ፊርማ ነው። በኖራም በሲሚንቶም ቢደፈን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ይመለሳል።

የተለመደው መፍትሔ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ገረጋንቲ በሚባለው ጠጠራማ መሙያ አፈር መተካት ነው። ጥሩ ነው፤ ደረቅ አገር ላይ በጣም ጥሩ ነው። ጅማ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ገረጋንቲ ውሃ ያስገባል፤ ዙሪያውን ያለው መረሬ ውሃ አያስወጣም። ስለዚህ ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ከመሬት በታች ያለ ገንዳ ይሆናል። የጣራው ውሃ እዚያው ይወርዳል፣ ገረጋንቲው ይጠጣል፣ ከሥር ያለው መረሬ ዝናቡ እስኪወጣ ድረስ ይርሳል። ባለቤቱ ለቁፋሮ፣ ለጭነት፣ ለገረጋንቲ ከፍሎ ሲያበቃ የሸሸውን ውሃ ከመሠረቱ ሥር አስቀምጦት አረፈ ማለት ነው። ከገረጋንቲው ጋር አብሮ መሠራት ያለበት ውሃውን ከጉድጓዱ የሚያወጣ ማፋሰሻ፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ወለልና የጣራ ውሃ ራቅ አድርጎ የሚጥል ቱቦ ነው። ሦስቱም ከገረጋንቲው ዋጋ አንጻር ትንሽ ናቸው። ግን ሥራው ሲያልቅ ገንዘብም ያልቃልና የሚዘለሉት እነሱ ናቸው።

ቀዩ አፈርም ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም። አፈር የሚጠቀጠቅበት ልክ የሆነ እርጥበት አለው፤ ከዚያ ሲያንስ ይበተናል፣ ሲበልጥ ሮለሩ በላዩ ሲሄድ ይንተፈተፋል እንጂ አይጠነክርም። ጅማ ላይ ከመጋቢት በኋላ ቀዩ አፈር ከልኩ በላይ ርሶ ነው የሚገኘው። ለዚህ ነው የበጀት ካሌንደሩ ጉዳይ የቢሮክራሲ ወሬ ብቻ ያልሆነው፤ የመንገዱ ጥንካሬ ራሱ የሚወሰነው አፈሩ በየትኛው ወር እንደተጠቀጠቀ ነው። አርማታው በተቃራኒው ይጠቀማል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥበት ይፈልጋል፣ ጅማ ደግሞ ይህን በነፃ ትሰጣለች። ለፌሮና ለአርማታ ሥራ ክረምቱ ያን ያህል ጠላት አይደለም፤ ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ከተቀመጠ፣ ሲሞላም ዝናብ ውሃውን እንዳያበዛው ከተሸፈነ። እንግዲህ አስተዋይ የሥራ ዕቅድ አፈሩን በበጋ፣ አርማታውን በክረምት ባደረገ ነበር። ዕቅዱን የሚያወጣው በጀቱ ስለሆነ ግን ሁሉም ባንድ ላይ ግንቦት ላይ ይጋጫል።

ድሮ ሰው ይህን እንዴት ይችለው ነበር? የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መልስ አለው። አባ ጅፋር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ጅማን ሲገዙ የተቀመጡት ሜዳው ላይ አልነበረም። መናገሻው ጅሬን ነው፣ ኮረብታው ላይ። የሕርማታ ገበያ ሜዳው ላይ ቆመ፤ ሰው ሐሙስ ወርዶ ነግዶ ይመለሳል። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ከእንጨት የተሠራ፣ ባለ ፎቅ፣ ዙሪያውን በሰፊ የእንጨት በረንዳ የተከበበ ነው። በረንዳው ጌጥ ቢመስልም ሥራ አለው፤ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይነካ ያርቃል፣ ሰው እየዘነበ ውጭ እንዲቀመጥ ያደርጋል፣ ከፀሐይም ይከልላል። በቅርብ ዓመታት እድሳት ሲደረግለት ብዙው ወሬ ስለ ታሪኩ ነበር። ለኔ ግን ጅማ ውስጥ ካሉት የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች አንዱ እሱ ነው።

በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ ሲያደርጉ መሐሉን ወደ ሜዳው፣ ወደ አወይቱ ወንዝ ዳር አወረዱት። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ለመዘርጋት ሜዳ ይመቻል። ውሃ ለማውጣት ግን አይመችም፤ እኛም ይኸው እስከ ዛሬ የነሱን ምርጫ ውሃ እየጠረግን እንኖራለን።

ተራ ሰው የሠራው ጭቃ ቤትም የራሱ ብልሃት ነበረው። የድንጋይ ውሃ ልክ ከመሬት ከፍ ይላል። ባሕር ዛፉ ከመሬት ጋር ከተገናኘ ምስጥ ስለሚበላው፣ አቅም ያለው እንጨቱን በድንጋይ ላይ ያቆመዋል። ምርጊቱ ጭድ ይበዛበታል፣ በየዓመቱም በጋ ላይ ይታደሳል። ክዳኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ዛሬ በማንኛውም የጅማ ሰፈር ሲኬድ ግድግዳ ሁሉ ከሥሩ እስከ ጉልበት ድረስ ቀይ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ቀለም አይደለም፤ ከጣራ የሚወርደው ውሃ መሬቱን መትቶ የሚረጨው ቀይ አፈር ነው። ይህ ምልክት ክዳኑ ስንት ያህል እንዳጠረ ይናገራል። ክዳኑ አንድ ክንድ ቢረዝም ወይም አሸንዳ ቢኖረው ግድግዳው ነጭ ሆኖ ይቆይ ነበር፤ ብሎኬቱም ውሃ ባልጠጣ፣ ክፍሉም ባልሻገተ።

አዲሱ ፋሽን ግን ክዳንን ማሳጠር ነው። እንዲያውም መደበቅ። ከዘመናዊ ቪላዎች ብዙዎቹ ቆርቆሮው እንዳይታይ ዙሪያውን በብሎኬት ግንብ ይታጠራሉ፤ ፓራፔት ይባላል። ከመንገድ ሲታይ ቤቱ ሳጥን ይመስላል፣ ያማረ ሳጥን። ውሃው ግን ከግንቡ በስተጀርባ በተደበቀ ጠባብ ቦይ ተሰብስቦ በአንድ ወይም በሁለት ቀዳዳ መውረድ አለበት። አንድ የዛፍ ቅጠል፣ አንድ የወፍ ጎጆ ቀዳዳውን ከደፈነ ውሃው መሄጃ ስለሌለው ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ዝናብ ሦስት ወር በሆነበት ከተማ በዓመት አንዴ መጥረግ ይበቃ ይሆናል። ጅማ ላይ በየወሩ ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ይፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ማንም አይቀጥርም። ጅማ ላይ ፓራፔት ቤት መሥራት ልክ አይደለም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ጓደኞቼ የፋሽን ጠላት ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

መስታወቱም ከዚያው ይመጣል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ላይ ናት። በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ሁለቱንም አጭር በረንዳ ይከላከለዋል። ዝቅ ብላ በመስኮት የምትገባው የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ናት፣ ማለትም የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ ነው አደገኛው። ሆኖም ዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ከዞረ ሕንፃውም መስታወቱን ወደ ምዕራብ ያደርጋል። የጅማ ቀን ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በትክክል ለተሠራ ቤት ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ማቀዝቀዣውን አስፈላጊ የሚያደርገው መስታወቱ ነው።

ቆርቆሮን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ትምህርት ቤት። የጅማ ዝናብ አዘውትሮ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ዝናብ ሲጀምር መምህሩ ድምፁ አይሰማም፣ ጠመኔውን አስቀምጦ ይጠብቃል። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ በዓመት ስንት ክፍለ ጊዜ በዚህ እንደሚያጣ የሚቆጥር የለም። ኮርኒስ ቅንጦት የሚመስለው ዲዛይኑን የሠራው ሰው ዝናቡን ከቢሮ ሆኖ ስለሰማው ነው።

ወደ መንገዱ ስንመጣ ሁሉም ነገር ውሃ ነው። አስፋልት በመኪና ክብደት ብቻ አይፈርስም። በመጀመሪያ ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል፤ ውሃ ይገባበታል፤ ጎማ ሲያልፍበት ውሃውን ይጫነዋል፣ ውሃውም ከሥር ያለውን ጠጠርና አፈር እያጠበ ያወጣል። ባዶ የቀረው አስፋልት ይሰበርና ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ የመንገድ ትልቁ መከላከያ ውሃው በላዩ እንዳይቆም ማድረግ ነው፤ የአስፋልት መንገድ ከመሐል ወደ ዳር 2.5 በመቶ ገደማ እንዲያዘነብል የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ከዚያ ግን ቦዩ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ይሠራል፣ ወይም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ውሃ ማስገቢያ ሳይተውለት ይታሰራል፣ ወይም ሰፈሩ ባጃጅ እንዳይፈጥንበት ብሎ መንገዱን አቋርጦ ብሬከር ያፈሳል። ብሬከር ማለት ለውሃው ግድብ ነው። ብሬከር ባለበት ቦታ ሁሉ በላይኛው በኩል ጉድጓድ አለ፤ ያላመነ ወጥቶ ይይ።

ኮብልስቶን በዚህ ረገድ ለጅማ ከአስፋልት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቢያንስ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ። የተወሰነውን ውሃ በመገጣጠሚያው ያሰርጋል። ሲሰምጥ ድንጋዩ ተነቅሎ፣ አሸዋው ተስተካክሎ፣ ያው ድንጋይ ይመለሳል፤ የሰፈር ወጣት በመዶሻ ይሠራዋል። ድክመቱ በተዳፋት ቦታ ላይ ነው፤ ከጎኑ የታሰረ ጠርዝ ከሌለው ውሃ አሸዋውን ጠርጎ ድንጋዩን እንደ ጥርስ ያነቃንቀዋል። ይህም በአንድ ክረምት የሚታይ ነው።

የፍሳሽ ቦዩ ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,000 ሊትር ውሃ ነው፤ 20 በርሜል ማለት ነው። በፊት ያ ቦታ ቡናና ሣር ሳለ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ይሰርግ ነበር። አሁን ቆርቆሮው፣ የግቢው ሲሚንቶና የደጁ ንጣፍ ሁሉንም ማለት ይቻላል ወደ ቦዩ ይልኩታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጅማ 120 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሰፍታለች። በመሐል ከተማ ያለው ቦይ ግን በብዙ ቦታ ያኔ የነበረው ነው። ላይኛው ሰፈር ሲገነባ ታችኛው ሰፈር ይጥለቀለቃል፤ የጥፋቱ ባለቤት የሚኖረው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሆነ ማንም ማንንም አይከስም። ቦዩን የሚደፍነውም የታወቀ ነው፦ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የሸንኮራ ልጣጭና ገራባ። ጅማ ላይ ገራባው ብቻውን ቦይ ይዘጋል። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ለገራባ ግን አዋጅ አይወጣለትም፣ የካቲት ላይ ቦይ የሚጠርግ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ስለዚሁ ጣራ ሌላም ሒሳብ አለ። 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በዓመት 150 ሺህ ሊትር ነው። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም በዓመት የሚያስፈልገው 36,500 ሊትር ነው። ሩቡ ቢበቃ ነው! የጣራ ውሃ መሰብሰብ ሲነሳ ሁልጊዜ ስለ ደረቅ አገር ይወራል። ደረቅ አገር ላይ ግን የስምንትና የዘጠኝ ወር ውሃ የሚይዝ ግዙፍ ጋን ያስፈልጋል። ጅማ ላይ መሻገር ያለበት አራት ወር ነው፤ 12 ሺህ ሊትር ማጠራቀሚያ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ በሚቆጠርበት ከተማ የሰማዩ ውሃ ቀይ ግድግዳ እየረጨ ወደ አወይቱ ይወርዳል። የጣራ ውሃ ለመጠጥ ሳይሆን ለልብስ፣ ለመጸዳጃና ለአትክልት ቢውል እንኳ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፤ ለቤቱ ውሃ፣ ለቦዩ እፎይታ።

አወይቱ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ቦዬን ብዙ ሰው የሚያውቀው በወፎቹና በጉማሬው ነው፤ ለመዝናናት የሚኬድበት ቦታ ነው። ለከተማዋ ግን ከዚህ በላይ ነው። ውሃው እዚያ ደርሶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይዘረጋል፣ የተሸከመውን ደለል ያወርዳል፣ ሣሩም ከቆሻሻው የተወሰነውን ያጣራል። ማዘጋጃ ቤት ሠርቶት ቢሆን ኖሮ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ብሎ ሪባን ይቆርጥበት ነበር። ያልተሠራ ስለሆነ ዋጋ የለውም። የረግረጉ ሸክላ አፈር ለጡብ ይቆፈራል፤ የጅማ ግንብ ግማሽ ታሪኩ ይህ ጡብ ነው፣ ለብዙ ወጣትም እንጀራ ነው። ጉድጓዱ ግን ሳይሞላ ይቀራል። ዝናብ ሲገባ በየቦታው ፀሐይ የሚያገኘው፣ የማይፈስ፣ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ይሆናል፤ የወባ ትንኝ የምትመርጠው እንዲህ ያለውን ነው። ጅማ በ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ያለች፣ ወባ የሚደርስባት ከተማ መሆኗን እንዳንረሳ። ጡቡ ይቁም አልልም፤ ጡብ ከብሎኬት ይልቅ ለዚህ አየር ይስማማል። የቆፈረ ይሙላ የሚል ሕግ ግን ከባድ አይደለም።

ደለሉም አድራሻ አለው። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከግልገል ጊቤ ወንዝ ተስቦ ቦዬ ላይ ባለው ማጣሪያ ይጣራል። በክረምት ወንዙ ሲደፈርስ ማጣሪያው ብዙ ኬሚካል ይጠይቃል፣ የሚያመርተውም ውሃ ይቀንሳል። ዝናቡ በበዛበት ወር ቧንቧ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰው በመገረም «ውሃ በውሃ ላይ ሆነን ውሃ ጠማን» ይላል። ከዚያ ወርዶ ያው ደለል 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ወደጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ይገባል። ከጅማ ተራራ የታጠበ ቀይ አፈር የአገሪቱን የመብራት ኩሬ ይሞላል ማለት ነው።

አሁን የኮሪደር ልማት ወደ ጅማም ደርሷል፤ መንገዶች እየሰፉ፣ የእግረኛ መንገዶች እየተነጠፉ፣ የወንዝ ዳርቻ እየተሠራ ነው። ከተማው አምሯል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሥጋቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተነጠፈ ነገር ሁሉ ውሃ አያስገባም፤ በተነጠፈው ልክ ወደ አወይቱ የሚገባው ውሃ ይጨምራል፣ ይፈጥናል። ሁለተኛው፣ መንገድ ሁለቴ አይቆፈርም። ዛሬ ከንጣፉ ሥር የሚቀበረው ቱቦ ጠቦ ከተቀበረ ንጣፉን ለማፍረስ ልብ ያለው ከንቲባ ለረጅም ጊዜ አይመጣም። በተቃራኒው ሲታይ ደግሞ ይህ ብርቅ ዕድል ነው። መሬቱ ተከፍቷል፣ ማሽኑ እዚሁ ነው፤ ትልቁን ቱቦ ለመቅበር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። በየዛፉ ሥር ውሃ የሚሰርግበት ክፍት አፈር መተው፣ ከንጣፉ አጠገብ ሣር የያዘ ዝቅተኛ ቦይ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

የቱቦው ስፋት የሚሰላው ካለፉት ዓመታት የዝናብ መዝገብ ነው፤ በየስንት ዓመቱ ምን ያህል ኃይለኛ ዝናብ እንደሚወርድ ከሚያሳይ ሰንጠረዥ። መዝገቡ ያለፈውን ነው የሚያውቀው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ባይለወጥ እንኳ በአንድ ከሰዓት የሚወርደው ዶፍ ሊከብድ ይችላል። ቦይን የሚያሸንፈው ደግሞ የዓመቱ ድምር ሳይሆን የዚያች አንዲት ሰዓት ዶፍ ነው። ዛሬ ጅማ ላይ የሚቀበር ቱቦ 50 ዓመት ይቆያል ተብሎ ነው፤ በድሮው ሰንጠረዥ ልክ ከተቀበረ ዕድሜውን ሳይጨርስ ይጠባል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። ሜዳው ላይ ለሚሠራ ቤት የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የጣራው ውሃ በየት በኩል ወጥቶ የት እንደሚገባ በፕላኑ ላይ እንዲታይ ማስገደድ ይቻላል። ለመንግሥት ሥራ ደግሞ ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ በክረምቱ ከሚዘጋጅ ቀድሞ በበልግ ቢያልቅ፣ ጨረታው ግንቦትና ሰኔ ላይ ተገምግሞ ቢጠብቅ፣ በጀቱ በሐምሌ ሲለቀቅ ውል ይፈረማል፤ መስከረምና ጥቅምት ድንጋይና ጠጠር ማከማቻ ይሆናል። ኅዳር 1 ቀን ሮለሩ መሬት ላይ ነው። ከዚያ ቀን እስከ የካቲት 30 ጅማ አራት ወር ደረቅ አፈር አላት።